ቁጥር ሰባት

እኛ ጋዜጣ ላይ ሞቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረ፤
አንዱ አንቀላፋ፣ አንዱ ሸክሙን ጥሎ ወንዙን ተሻገረ፣
አንዱ፣ ዐርብ ማታ፣ ካባቱ ቤት አደረ።
ሞተ የሚባለው ፈረስ ነው። ውሻ ነው።
አንድ ጊዜ ደግሞ፣ በስሕተት፣ ቀረጥ ሰብሳቢው ነው።

ኮርንዎል፣ ባሕሩ ዳር፣ ጉድጓዱ አባቴን ባስቀረ በወሩ፣
የሚስተር ፔንጌሊ ማተሚያ ቤት ገባሁ፣ እርሳስ በሚሸት በሩ።
ዐሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ፊደል መልቀም ተማርኩ፣ ተገልብጦ ቆሞ፣
ሞትንም ያለ ስሙ መጥራት፣ ከሁሉ አስቀድሞ።

ባለጠጋ ሲያልፍ ዙሪያው በጥቁር መስመር ይከበባል፤
«ረጅሙን ሕመም በክርስቲያን ትዕግሥት ችሎ…» ይባላል፤
የመስኮቱ ብርሃን፣ የልጆቹ እንባ፣ የመጨረሻ ቃሉ ይነገራል።
(ያንን ቃል፣ ሟቹ ሳያስበው፣ ሚስተር ፔንጌሊ ይጽፍለታል።)

የጉድጓድ ሰው ሲሆን ግን ብዕሩ ጨዋነቱን ይረሳል፦
ገመዱ ስንት ክንድ ላይ እንደተበጠሰ ይለካል፤
ራሱ የት፣ ቦት ጫማው የት እንደወደቀ፣
የኪስ ሰዓቱ እየሠራ እንደተገኘ፣ መስታወቱ እንዳልደቀቀ።
አባቴን እንዲያ ጽፈውት አንብቤአለሁ።
አባቴ ሰዓት አልነበረውም።

ለሕፃናት መሳቢያ ነበረን፤ አስቀድሞ የተለቀመ ግጥም፣
በክር የታሰረ፣ ቁጥር የተሰጠው፤ ሁለተኛ አይደከምም።
ቁጥር ሦስት፦ የጧት ጠል። ቁጥር አምስት፦ ጠቦቷን እረኛው ወሰዳት።
ቁጥር ሰባት፦ እምቡጥ ነበረች፣ በሰማይ ልትፈካ አትክልተኛው ቀጠፋት።
በዚያ የትክትክ ክረምት ቁጥር ሰባት ዐሥራ አራት ጊዜ ወጣች፤
የመጀመሪያ ፊደሏ ተልጦ «ምቡጥ» ሆና ቀረች።

ማክሰኞ ታምሲን ትረቮሮ መጣች፣ ልብስ አጣቢዋ፣
አራት ፔኒ ቋጥራ በመሐረቧ።
ጌታዬ መሳቢያውን ስቦ፣ መነጽሩን አውርዶ፣ አነበበላት።
እስከ መጨረሻው ሰማች። አንዱም አልሆነላት።
«እምቡጥ አይደለችም» አለች። «ላቭዴይ ናት ስሟ።
የድስት ክዳን ነበር ጨዋታዋ፣ ሲንኳኳ ነበር ደስታዋ።
ዘጠኝ ሌሊት ሳለች።
ሞተች።
እንዲያ ጻፉልኝ።»

ጌታዬ ቃላቱን በጣቱ ቆጠረ። «ሰባት ፔኒ ነው» አለ።
«ቁጥር ሰባት ግን አራት ነው፤ የተለቀመ ስለሆነ ቀለለ።»
መሐረቡን ራሱ ፈታው።

ሐሙስ ሌሊት ብቻዬን ነበርኩ፣ ገጹ ፊቴ ተዘርግቶ፤
ከሙታኑ ዓምድ ጎን የመድኃኒተኛው ማስታወቂያ ቆሟል ተሰክቶ፦
«የቦዚየር ከረሜላ! የልጅ ሳል በሦስት ቀን!»
ነቀልኩት። ቃለ አጋኖዎቹን መጨረሻ ነው የነቀልኩት።
በቦታው ዘጠኙን ሌሊት ለቀምኩ፤ ክዳኑን፤ ስሟን።
ከዚያ «ሞተች»ን።
እነዚያ ፊደላት ለሰው ጎን ለጎን ቆመው አያውቁም፤
እጄ መንገዱ ጠፋው።

ቅዳሜ መድኃኒተኛው ጮኸ፤ የሁለት ሳምንት ደመወዜ ተቆረጠ፤
ከተማው ምንም አላለ፤ በሳምንቱ ቁጥር ሰባት ዳግም ተመረጠ።

እሷ ግን መጣች፣ ጋዜጣውን በብብቷ ይዛ። ማንበብ አታውቅም።
«የቱ ጋ ናት?» አለችኝ።
ጣቷን ይዤ ስሟ ላይ አሳረፍኩት፤ ቶሎ አላነሣችውም።
የእኛ ቀለም ርካሽ ነው፣ አይደርቅም።
ስታነሣው ጫፉ ጠቁሮ ነበር።

ሰኞ በወንዙ በኩል አለፍኩ። የአጠባ ቀን ነው።
ክንዶቿ እስከ ክርን አረፋ ውስጥ ናቸው፤
የሰው አንሶላ ይዛለች፣
አንዷን ጣት ከውሃው በላይ ቀጥ አድርጋ፣
በዘጠኙ ታሻለች።